ከማሻ መገንጠያ ገባ ብሎ

የእናቴ ፊት አንዳንዴ ይደበዝዝብኛል፤ ግራ ጆሮዋ ግን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ከነጠርዙና ከነሸንተረሩ ይመጣልኛል። ትንሽ ጆሮ ነበራት። ላይኛው ጠርዙ ወደ ውስጥ ጠቅለል ያለ፣ ታችኛው ለስላሳ ሥጋ ደግሞ ሎቲ ካወለቀች ብዙ ዘመን ስለሆናት ቀዳዳው ሊደፈን የደረሰ። ጆሮ የማየው በሙያዬ ምክንያት ነው ብል ግማሹ እውነት ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጤና ረዳት ነበርኩ። የቀረውን ግማሽ ለማስረዳት ግን ወደ ቴፒ መመለስ አለብኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ሚዛን ተፈሪ ነው። እናቴ የቤንች ሰው ናት። አባቴ ከሰሜን የመጣ ነጋዴ ነበር፤ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ሞተ። የቀረነው እናቴ፣ እኔና ከእኔ ብዙ ዘግይቶ የተወለደው ወንድሜ ነን። ትምህርቴን ጨርሼ ቴፒ፣ በመንግሥት የቡና እርሻ ክሊኒክ ስመደብ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ቅርብ ደረሰሽ» አለኝ። ቅርብስ ቅርብ ነበር፤ መንገዱ ደረቅ ሲሆን። ዝናብ ከጣለ ግን የቡና መኪና ላይ ተሳፍሮ ጭቃው እስኪለቅ መጠበቅ ነው፤ እዚያ አገር ደግሞ የማይዘንብበትን ወር ፈልጎ ማግኘት ሥራ ነው።

ክሊኒኩ ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ የተፈለፈለ ቡና ገለፈት ሽታ ከግድግዳው የማይለቅ ቤት ነበር። ያን ሽታ ያኔ እጠላው ነበር። አሁን ግን ከየትኛውም ሽቶ በላይ ይናፍቀኛል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያሸቱኝ እላለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር በሽተኛው የሚለው አይሰማም። እኛ «የት ነው የሚያምህ?» ብለን እንጮሃለን፣ እሱ በጣቱ ያሳያል፣ እኛም በዚያው እናክማለን። ስለዚህ አማርኛ የማያውቅ ሐኪም ይመጣላችኋል ሲባል እኔ ምንም አልደነቀኝም። ከዝናቡ ጋር ከለመድነው በላይ ምን ይመጣል?

ሐኪሙ ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከወዳጅ አገር ነው የተላከው። ቀጭን፣ ሸራ ጫማ የሚያደርግ፣ ከመናገር ዝም ማለት የሚቀለው ሰው ነበር። የሚያውቃቸው አማርኛ ቃላት «ያማል» እና «አያምም» ብቻ ነበሩ፤ በእነዚያ በሁለቱ ግን እኛ በሙሉ ቋንቋችን ከምንሠራው ያላነሰ ይሠራ ነበር። ከሻንጣው መርፌዎች አወጣ፣ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ያሉበት ቆርቆሮ አወጣ፤ በመጨረሻ በጨርቅ የተጠቀለለ የጎማ ጆሮ አወጣ። የሰው ጆሮ ቁርጥ። በላዩ ላይ በሙሉ ነጠብጣብ ተነቁጦበታል። በመስኮት ያዩ ተሰላፊዎች ወሬውን ይዘውት ሄዱ፤ እስከ ማታ እርሻው በሙሉ ሐኪሙ የአንድ ሰው ጆሮ ቆርጦ ይዞ እንደሚዞር አወቀ። የሚቀጥለው ቀን በሽተኛ ጠፋ። ጎማ መሆኑን ለማሳየት በር ላይ ቆሜ ጆሮውን ሳጥፈውና ስዘረጋው የዋልኩት እኔ ነኝ።

የሐኪሙ ትምህርት እንዲህ ነው። በጆሮ ውስጥ ሕፃን ተኝቷል፤ በማህፀን እንዳለ ሁሉ ተገልብጦ። ጭንቅላቱ ታች፣ ሎቲ በሚንጠለጠልበት ለስላሳ ሥጋ ላይ ነው። ጀርባው በጆሮው መካከል ወደ ላይ በሚወጣው ሸንተረር ላይ ተዘርግቷል። እግሮቹ ላይ ናቸው፣ ሆዱና ደረቱ በጎድጓዳው ውስጥ። የሰውየው ወገብ ከታመመ የዚያ ሕፃን ወገብ ይጫናል፤ ሆዱ ከታመመ የሕፃኑ ሆድ። በመርፌ መወጋት ለማይወዱት ደግሞ ከጥቁሩ ፍሬ አንዲት ተነሥታ በፕላስተር ቁራጭ ነጥቧ ላይ ትለጠፋለች፣ ባለቤቱ በቀን ውስጥ ደጋግሞ በጣቱ ይጫናታል። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳን ወለሉ ላይ ኩርምት ብሎ ሕፃኑን ሆኖ አሳየን። እርጉዞቹ ሳቁ። እነሱ ግን ከእኛ ቀድመው ነው የገባቸው።

ችግሩ የነጥቦቹ ስም ነበር። ሐኪሙ በቁጥር ነው የሚጠራቸው፣ ቁጥሩ ደግሞ ከእኛ ጭንቅላት ይንሸራተታል። እዚህ ላይ የክሊኒካችን ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበውና የሚያሽገው ሰው፣ ደረሰልን። ጋሼ እለው ነበር። ሕክምና ቤት ከመቀጠሩ በፊት በጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ያንን አገር በሙሉ የዞረ፣ ቀልድ የሚወድ፣ በስብሰባ ቀን «ጓዲት» እያለ የሚያበሽቀኝ ሰው ነው። የጎማውን ጆሮ ይዞ ትንሽ አየውና ይህማ መንገዴ ነው አለ።

እውነትም መንገዱ ነበር። ታችኛው ለስላሳ ሥጋ ማጂ ሆነ። ከዚያ ከፍ ሲሉ ሸንተረሩ የሚጀምርበት ሚዛን ነው። ሸንተረሩ ራሱ ከሚዛን ቴፒ የሚወስደው መንገድ ሆነ። ላይ ሲደርስ እንደ ቴፒ ለሁለት ይገነጠላል፤ አንደኛው ሽቅብ ወደ ማሻ፣ ሌላው በስተግራ ወደ ጎደሬ። ጎድጓዳው የበበቃ ቆላ ነው። ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ዘብ የቆመችውን ጉብታ ደግሞ ኬላ አልናት። ሐኪሙ ቁጥር ይጠራል፣ እኛ አገር እንጠራለን፣ ጣታችን ግን እዚያው ላይ ያርፋል። ሠራተኛውም ለመደው። ጥርሱን ያመመው ሁሉ ማጂ ላይ አድርጉልኝ ይል ጀመር። በእውነተኛው ማጂ በኩል ከመጡት መካከል ግን የጆሯቸው ሥጋ ለጌጥ በሰፊው የተበሳ ነበሩ፤ ለእነሱ ጥርስ የሚሆን ማጂ አጥተን ሐኪሙም እኛም ተያየን።

ጆሮው የግራ ጆሮ መሆኑን ልብ ያለው አልነበረም። ሐኪሙም ግድግዳ ላይ በትልቁ ሲስልልን የግራውን ነው የሳለው። አንድ ቀን ጋሼ እግሩን ያመመውን ቡና ለቃሚ በቀኝ ጆሮው አከመው። ሰውየው ትንሽ ቆይቶ እግሩም ጆሮውም እያመመው ተመለሰ። ሐኪሙ ቢያየው ፍሬዎቹ በጆሮው ጠርዝ ላይ፣ ምንም በሌለበት ቦታ ተደርድረዋል። ጋሼ ጎደሬን በስተግራ ሲፈልግ ነው። በቀኝ ጆሮ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የጎደሬ መንገድ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ሐኪሙ ትንሽ መስታወት አምጥቶ የግድግዳውን ሥዕል በመስታወት አሳየው። ጋሼ ረዘም ላለ ጊዜ አየና ጎደሬ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ከሆነ እኔ ሥራዬን እለቃለሁ አለ። ይህን ለሐኪሙ በእጄ አስረዳሁት፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ክሊኒካችን ቀኝ ጆሮ አያክምም ተባለ፤ ማንም አልተቃወመም።

እንዲህ እየሳቅን ሳለን ነው ወንድሜ የተወሰደው።

በዚያ ዘመን ስኳርና ጨው ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነበር። ሰልፉ ገና ሳይነጋ ይጀምራል፤ ሰው ቤቱ ሥራ ሲኖርበት ድንጋይ አስቀምጦ ተራ ይይዛል። የእኛን ቤት ተራ የሚይዘው ወንድሜ ነበር። ከወንዝ ያመጣት ነጭ፣ ለስላሳ ድንጋይ ነበረችው፤ የእኛ መሆኗን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል። እሱ ድንጋዩን አስቀምጦ ከጓደኞቹ ጋር ያወራል፣ ረፋዱ ላይ እናቴ መጥታ ትቀይረዋለች፣ እሱ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የዚያን ቀን ስትደርስ ድንጋይዋ ቦታዋ ላይ አለች፤ ልጁ የለም። ለብሔራዊ ውትድርና የሚያፍሱት መጥተው ከሰልፉ ላይ ወጣቶቹን ጭነው ሄደዋል። ሴቶቹ እያለቀሱ ነገሯት። እናቴ ድንጋይዋ አጠገብ ቆመች። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ድንጋይዋን በእግሯ እየገፋች ተንቀሳቀሰች፤ ተራዋ ሲደርስ ስኳሯን ተቀበለች፣ ድንጋይዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቤቷ ገባች። ለምን ሮጠሽ አልተከተልሻቸውም ብዬ በኋላ ስጠይቃት፣ ተራውን ትቼ ወዴት ልሂድ አለችኝ። ያኔ ተናደድኩባት። አሁን ሳስበው የምትለው ሌላ ነገር አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ ከእናቴ እንቅልፍ ጠፋ። ምግብም አብሮ ሄደ። ቴፒ ልውሰድሽ ብላት እሱ መጥቶ በር ተዘግቶ ቢያገኝስ እያለች እንቢ አለች። ጤና ጣቢያው የሰጣትን ክኒን ስትውጥ ራሷ ይከብዳል፣ በር ሲንኳኳ አልሰማም ብላ ፈራችና ጣለችው። በየቅዳሜው ከቴፒ ስመጣ ቀሚሷ በትከሻዋ ላይ እየሰፋ፣ አንገቷ እየቀጠነ አገኛታለሁ። የራሴን እናት የክሊኒክ በሽተኛ አድርጌ ማየት አልፈልግም ነበር፤ ግን ዓይኔ ሙያውን ተምሯልና አየሁ። እንዲህ ከቀጠለች ወንድሜ ሲመለስ እናቱን አያገኝም። ይህን ለራሴ በግልጽ ከነገርኩ በኋላ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

ሐኪሙ ሊሄድ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። እናቴ መሆኗን ጡቴን ነክቼ፣ አለመተኛቷን ጉንጬን መዳፌ ላይ አጋድሜ ራሴን በመነቅነቅ አስረዳሁት። ተነሣና ጣቱን ግድግዳው ላይ ባለው ጆሮ ላይ አሳረፈ። ሸንተረሩ ለሁለት በሚገነጠልበት ቦታ፣ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለች ትንሽ ሦስት ማዕዘን ጎድጓዳ ናት። ጋሼ ከኋላዬ ሆኖ «ከማሻ መገንጠያ ገባ ብሎ፣ ጫካው ላይ» አለ። ድምፁ ላይ ቀልድ አልነበረም፤ የእሱም የእህቱ ልጅ ተወስዶበታል።

ሐኪሙ ሲሄድ የጎማውን ጆሮና መርፌዎቹን ይዞ ሄደ። ፍሬዎቹን ግን ተወልን፤ እነሱም ብዙም ሳይቆዩ አለቁ። ምትክ ፍለጋ ያላየነው የለም። ጤፍ ታንሳለች። ሰናፍጭ ከፕላስተሩ ሥር ትሾልካለች። የበርበሬ ፍሬ ጠፍጣፋ ነው፣ ቡናውማ ጆሮ ውስጥ አይገባም። በመጨረሻ ከኮረሪማ ቅርፊት ውስጥ የምትወጣዋን ፍሬ ሞከርን፤ ድቡልቡል፣ ጠንካራ፣ ለጣት የምትመች። ጫካው በሙሉ ኮረሪማ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መዞራችን አሳቀን።

ለእናቴ ግን ፍሬው ቶሎ አልደረሰም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ፕላስተርና ኮረሪማ ይዤ ስቀርብ እጄን ያዘችኝ። እናቴ ጴንጤ ናት። በዚያን ጊዜ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ስለነበር በየሰው ቤት፣ ለቅሶ ለመድረስ የሄዱ መስለው ይጸልዩ ነበር። በወጣትነቷ ስታምን ክታቧንም የአንገት ክሯንም በሰው ፊት አውልቃ አቃጥላለች፤ ሎቲዋም ያኔ ነው የወለቀው። ከዚያ ወዲህ በገላዋ ላይ አንዲት ነገር አላሰረችም። ኮረሪማውን አየት አድርጋ ይህ የጠንቋይ ሥራ ነው አለችኝ። ሕክምና ነው ብዬ ብምል፣ ሕፃን በጆሮ ውስጥ ተኝቷል ማለቴን ሰምታ ይብሱን ተጠራጠረች። በእውነቱ እኔም ስናገረው ለጆሮዬ ሕክምና አይመስልም ነበር። በመጨረሻ በጣቴ ብቻ ልጫንሽ አልኳት። እሱን ፈቀደች፤ የልጅ ጣት ምን ኃጢአት አለው ብላ።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ። ጆሮዋን ከላይ ያዝኩና አውራ ጣቴን ከመገንጠያው ገባ አድርጌ ያቺን ጎድጓዳ ተጫንኩ። ሰውነቷ በሙሉ ደነገጠ። አመመሽ? አልኳት። ጎንበስ ብዬ ሳያት እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት፤ ደግሞም እንዴት እንደረሳሁት ይገርመኛል። ወንድሜ ሕፃን ሳለ የእናቴን ጆሮ ሳይዝ አይተኛም ነበር። ስታዝለው ከጀርባዋ እጁን አሾልኮ ግራ ጆሮዋን ይፈልጋል፤ ጠርዙን በጣቶቹ ጨብጦ አውራ ጣቱን እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ይከታል፣ እያሻሸ እንቅልፍ ይወስደዋል። ጆሮዋ በምራቁ እንደረጠበ ነበር የሚውለው። ሱሪ ታጥቆ ተማሪ ከሆነ በኋላም ባጠገቧ ሲያልፍ ያንኑ ቦታ ቆንጠጥ አድርጎ ይሮጣል፣ እሷም የምትመታ መስላ እጇን ታነሣለች።

«እዚያች ላይ ከእሱ በቀር ማንም ነክቶኝ አያውቅም» አለችኝ።

እጄን ላነሣ ስል «ተይው፣ አታንሺው» አለች። አላነሣሁትም። ትንሽ ቆይቶ ራሷ ወደ ሆዴ ዘንበል አለና በቀን ብርሃን፣ ዶሮዎቹ ከእግሯ ሥር እየጫሩ ተኛች። ክንዴ እስኪደነዝዝ ቆምኩ። አለቀስኩ፤ ቅናትም ነበረበት፣ አልዋሽም። እኔም ልጇ ነኝ፣ በዚያ ጀርባ ላይ እኔም ታዝያለሁ፤ የእኔ የምትለው ቦታ ግን አልነበረኝም። ቢሆንም ተኝታለች። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ግን የእኔ ጣት የቅዳሜና የእሑድ ጣት ነው። ወደ ቴፒ ስመለስ እንቅልፏም አብሮኝ ይሳፈራል። እናቴም ይህን ታውቅ ነበር። አንድ እሑድ ልሄድ ስነሣ ኮረሪማውን አምጪው አለችኝ። መዳፏ ላይ አስቀምጣ አገላበጠችው። ያው ቅቤ ውስጥ የምንጨምረው ነው ወይ ብላ ጠየቀች፤ ያው ነው አልኳት። ሐኪሙ ምን ደገመበት አለች፤ ኮረሪማውን ጭራሽ አላየውም፣ ደግሞም እሱ እንደምን አደራችሁ ማለት እንኳ አያውቅም አልኩ። አንድ ነገር ቀርቷት ነበር።

«ያ ሕፃን፣ በጆሮ ውስጥ አለ ያልሽው፣ እጁ የት ነው?»

አሳየኋት፤ ላይ፣ ከጠርዙ ሥር ነው። አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ፍሬዋን በጣቶቿ መሃል ይዛ ዓይኗን ጨፈነችና በቤንች ቋንቋ ረዘም ያለ ጸሎት ጸለየችባት፤ ምናልባት እኔ ሳላውቅ የተደገመባት ነገር ካለ እንዲሽር ይሆናል። ሲበቃት ግራ ጆሮዋን ወደ እኔ መለሰች። ለጠፍኩላት።

ይሠራል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ክርክር ውስጥ አልገባም። በኋላ ዘመን የተማሩ ሐኪሞች ሲስቁበትም ሲያደንቁትም ሰምቻለሁ። እኔ የማውቀው እናቴ መተኛት መጀመሯን ነው። ሲመሻሽ ጣቷን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አልጋዋ ላይ ጋደም ትላለች፤ ቀስ በቀስ መብላትም ጀመረች፤ ትከሻዋ ቀሚሱን ሞላ። በየቅዳሜው ስመጣ አሮጌውን አነሣለሁ፣ ቆዳዋን አሳርፋለሁ፣ እሑድ አዲስ እለጥፋለሁ። አንድ ጊዜ ቆዳዋ ስለቀላ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ልቀይርልሽ ብላት፣ ክሊኒካችሁ ቀኝ ጆሮ አያክምም አላልሽም ወይ ብላ አፌን ዘጋችው።

የስኳሩን ሰልፍ አሁን ራሷ ነበር የምትይዘው፤ በዚያችው ነጭ ድንጋይ። ቆማ ስትጠብቅ ጆሮዋን ትጫናለች። ሴቶቹ ምንድን ነው ብለው ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ልጁ ያልተወሰደበት ቤት ጥቂት ነው፣ እንቅልፍ ያለው ቤትም እንዲሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የእናቴ ጓሮ ክሊኒክ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ጴንጤዎቹም፣ የማርያም ማኅበርተኞቹም ግራ ጆሯቸውን ሰጥተው ተደረደሩ። ጋሼ በጋዜጣ የተጠቀለለ ኮረሪማ እየላከልኝ ጫካው ላይ አድርጊላቸው ይላል። ብዙም ሳይቆይ በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ሴቱ ሁሉ ግራ ጆሮው ላይ ትንሽ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ ይታይ ጀመር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ይህን አይቶ ሥጋት ገባው። እናቴንና እኔን አስጠርቶ ይህ የምን ቡድን ምልክት ነው አለን። በዚያን ጊዜ በዚህ አይቀለድም። እኔ ስለ ሕክምናው ልዘረዝር አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው እናቶች ነን፣ እንቅልፍ ፍለጋ ነው፣ አንተ ጋ ካለ ስጠን አለችው። ሰውየው ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መልሶ ሂዱ አለን። ሁለተኛ አልጠየቀንም። ውጪ ስንወጣ እኔ የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፤ እናቴ ግን ሰልፉ እንዳያመልጣት ቸኩላ ሄደች።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ጋሼ ጡረታ ወጣ፤ የእህቱ ልጅ አልተመለሰም። ግድግዳው ላይ የነበረው ጆሮ ኖራ ሲቀባ ጠፋ፣ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እስከ ጎደሬ መሄድ እችል ነበር። ያ መንግሥት ሲወድቅና ሠራዊቱ ሲበተን ወታደሮች ከሰሜን በእግራቸው፣ በመኪና ላይ ተንጠልጥለው መምጣት ጀመሩ። የአንዳንዱ ቤት እልልታ፣ የአንዳንዱ ቤት ለቅሶ ሆነ፤ የብዙው ቤት ደግሞ ዝም ነበር። የእኛ ቤት ከዝምተኞቹ ነበር።  እናቴ ቅዳሜ ሲሆን ጆሮዋን ትሰጠኛለች፣ ያ ብቻ ነው።

ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ ዝናቡ ያባራበት አንድ የቅዳሜ ከሰዓት። ቆዳዋ ደህና ስለነበር አዲሱን ፍሬ ቀድሜ ለጥፌላት እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ወደ ግድግዳው ደገፍ አድርጋ አንቀላፍታለች። እኔ ልብስ እያጠብኩ ነው። የአጥሩ በር ሲከፈት ቀና አልኩ። ጺሙ የበዛ፣ በረባሶ ያደረገ፣ ካፖርቱ የሚሰፋው ሰው ቆሟል። ያወቅሁት በአቋቋሙ ነው፤ በአንድ እግሩ ላይ ዘንበል ይላል፣ ሰልፍ ላይ እንደሚቆም። ልጮህ ስል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እጄ ሳሙና እንደሆነ አፌን ያዝኩ።

በእግሩ ጫፍ መጥቶ በስተግራዋ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ እጁን አነሣና፣ አስቦበትም አይመስለኝም፣ ጆሮዋን ከላይ ያዘ። አውራ ጣቱ ወደ ቦታው ሄደ። እዚያ ግን ፕላስተር ነበረበት፣ ከፕላስተሩ ሥር ደግሞ ጠጠር የመሰለ ነገር። ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

እኔ የሳሙና እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። እናቴ ግን ነቅታ ነበር፤ መቼ እንደነቃች አላውቅም። ዓይኗን አልገለጠችም፣ እንባዋ ግን ከተከደነው ዓይኗ ሥር ወጥቷል።

«ተራህን የያዘልህ ድንጋይ ነው» አለችው። «አንሳውና ቦታህን ያዝ።»

ወንድሜ ፕላስተሩን በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ላጠው። ኮረሪማዋ መሬት ወደቀች፤ ዶሮዎቹ መጥተው አዩዋትና ትተዋት ሄዱ።